በውጤት ካርድ ላይ ደረጃ መጻፍ ስለ መቅረቱ

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤

ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በሚሰጠው የውጤት ካርድ ላይ ደረጃ አይጻፍም። የየትምህርቱ ውጤት፣ አማካዩና የመምህሩ አስተያየት እንደ ቀድሞው ይቀጥላሉ። አንዳንዶቻችሁ በስልክ፣ አንዳንዶቻችሁም ቢሮ ድረስ መጥታችሁ «ልጆቹን ልታሰንፏቸው ነው» ስላላችሁኝ ምክንያቱን ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

ባለፈው ኅዳር አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ለሳምንት ታማ ስትመለስ አብራት የምትቀመጠውን ልጅ የሒሳብ ደብተር እንድታውሳት ጠየቀቻት። «ቤት ረስቼዋለሁ» አለቻት። በበሩ በኩል ሳልፍ ደብተሩን በጉልበቷ ወደ ዴስኩ ውስጥ ስትገፋው አየሁ። ጠርቼ ስጠይቃት አልካደችም። «እኔ ሁለተኛ ነኝ፣ እሷ ሦስተኛ ናት። አባቴ ደግሞ ከሁለተኛ እንዳትወርጂ ብሎኛል» አለችኝ። ልቆጣት አፌ አልታዘዘልኝም። ያንን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ስንጽፍላት የኖርነው እኛው ነን።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት «ኃይሌን ኃይሌ ያደረገው ፉክክር አይደለም ወይ?» ብለው ነበር። አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ ቴርጋት ባይኖር ያ አጨራረስ ከየት ይመጣ ነበር? ይሁን እንጂ በዚያ ሩጫ የነበረው ወርቅ አንድ ብቻ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና እንዲህ አይደለም። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ስላለፈ የእናንተ ልጅ አይወድቅም። የሚመኙትን የትምህርት ክፍል ለማግኘት ፉክክር አለ፣ እሱ ግን ካለፉ በኋላ የሚመጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ትምህርት ቤቶችም በየክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበር።

ትብብር ሲባል «አንድ ለአምስት» የተባለውን የተማሪዎች የቡድን አደረጃጀት የምታስታውሱ ፈገግ ማለታችሁ አይቀርም። በጊዜው መምህር ነበርኩና አውቀዋለሁ፦ አንዱ ይሠራል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። ያንን አንመልሰውም። አሁን የቡድን ሥራ ከ100 የሚይዘው 10 ነጥብ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የሚያስረዳውን ልጅ የሚመርጠው መምህሩ ነው፤ የተመረጠው ካላስረዳ ከሁሉም ላይ ነጥብ ይቀነሳል። ስለዚህ ጎበዙ ልጅ ጓደኞቹን ቁጭ ብሎ ማስረዳት ግድ ይሆንበታል፤ ሲያስረዳም እሱ ራሱ ያልገባው የት ላይ እንደሆነ ይታወቀዋል። የጥያቄና መልስ ውድድሩ አልቀረም፤ በክፍልና በክፍል መካከል ይካሄዳል።

የፈተና ወረቀቶቹን ከካርዱ ጋር እንልካለን። «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት የተሳሳተባቸውን ጥያቄዎች አብራችሁት ተመልከቱና ፈርማችሁ መልሱልን። ቅሬታ ያላችሁን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ እጠብቃችኋለሁ። ደረጃውን በጎን ለማወቅ መዝገብ ቤት የምትሄዱ ካላችሁ ግን አትድከሙ፤ እዚያም አይሰላም።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር

ግልባጭ፦ ለወላጆችና መምህራን ኅብረት