ቁም ሳጥን ውስጥ የሞተችው ንብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እኔ ጎንደር አራዳ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። እርግጥ ዛሬ ሬዲዮ ይዞልኝ የሚመጣ ጥቂት ነው፤ እንጀራዬ ሞባይልና ቻርጅ የሚደረግ መብራት ሆኗል። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈችኝ አንዲት የፕላስቲክ ንብ ናት።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት በፌስታል ጠቅልላ ሱቄ ድረስ አመጣቻት። «ጋሼ፣ አልነሳ ብላናለች፤ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። ቢ-ቦት ይሏታል። ሕፃናት ኮዲንግን፣ ማለትም ለማሽን ትዕዛዝ በቅደም ተከተል መስጠትን፣ የሚጀምሩባት ሮቦት ናት። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ጀርባዋ ላይ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ቀኝና ግራ የሚያሳዩ ቀስቶች አሉ፤ መሐላቸው ላይ ማስነሻው አረንጓዴ በተን አለ። ልጁ ቀስቶቹን በቅደም ተከተል ይጫናል፣ ከዚያ አረንጓዴውን። እሷም ያዘዛትን አንድ በአንድ ትፈጽማለች። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ይሠራባታል። ኢንተርኔት አትፈልግም። በእኛ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፈትቼ ባየሁ ሞተሯ አዲስ ነው። ጎማዋ አቧራ እንኳ አልነካውም። የሞተው ባትሪው ነው።

«ምን ያህል ሠራችሁባት?» አልኋት።

አንገቷን ደፋች። «እንግዳ ሲመጣ ነው የምትወጣ።»

የሊቲየም ባትሪ ባዶውን ለወራት ከከረመ ቮልቱ ወርዶ ወርዶ በኋላ ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ልጆች እንዳይሰብሯት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉባት፤ መቆለፉ ገደላት።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ምክንያቱን ስሰማ ግን ንዴቴ አቅጣጫ ቀየረ። ንቧ በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ማድረጊያው ቅጽ፣ ወጪ ሆና በመምህርቷ ስም ተፈርሞባታል። ከጠፋች ወይም ከተሰበረች ተጠያቂዋ እሷ ናት። የመምህር ደመወዝ ደግሞ ስንት እንደሆነ እናውቀዋለን። እኔስ ብሆን አልቆልፍም ነበር? እቆልፋለሁ።

ባትሪውን ቀየርሁላት። ሂሳብ አልጠየቅሁም፤ ልጆቹ ሲነኳት ልይ ብቻ አልሁ።

ንቧ በአንድ ትዕዛዝ የምትሄደው 15 ሳንቲሜትር ነው። የምትሄድበት ምንጣፍ ስላልነበራቸው አንድ የዱቄት ማዳበሪያ ቀድጄ ዘረጋሁና በፓርከር 15 በ15 ሳንቲሜትር ካሬ አድርጌ ከፋፈልሁት። አንዱ ካሬ ላይ አራዳ ገበያን፣ አንዱ ላይ የፋሲል ግንብን፣ ጥግ ላይ ጥምቀተ ባሕርን ሣልሁ። ሥዕል አልችልም፤ ግንቡን ጀበና ነው ያሉት።

ትዕዛዙ ከአራዳ ተነስቶ ጥምቀተ ባሕር መድረስ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ወደ ቀኝ እንድትሄድለት የቀኙን ቀስት ተጫነ። ንቧ ባለችበት ዞረችና ቆመች። «ዞረች እንጂ አልሄደችም!» ብሎ ጮኸ። አዎ፣ መዞርና መሄድ ለእሷ ሁለት ትዕዛዝ ነው። ይህን ማንም አልነገረውም፤ እሷው አሳየችው።

ሁለተኛዋ ልጅ የራሷን ቀስቶች ተጫነች። ንቧ ግን በመጀመሪያው ልጅ መንገድ ጀመረች። የቀድሞው ካልተሰረዘ አዲሱን ከኋላው ትቀጥለዋለችና። «እንደ አያቴ የድሮውን ደግማ ነው የምትጀምር» አለች ልጅቷ። እኔ በሳቅ ፈነዳሁ፤ መምህርቷ የቀድሞውን ትዕዛዝ መሰረዣ በተን አሳየቻት።

ከሁሉ የከበዳቸው ወደ አራዳ የመልሱ ጉዞ ነበር። ንቧ ፊቷን ወደ ልጁ ስታዞር የእሷ ቀኝ የእሱ ግራ ይሆናል። ይህቺው ልጅ የቀኝ እጇ አንጓ ላይ ቀይ ክር አስራለች። ተነሳች፣ ከንቧ ኋላ ሄዳ ተንበረከከች፣ ክሯን አየችና ተጫነች። አራት ጊዜ ሳተች። በአምስተኛው ንቧ አራዳ ገባች። እነዚያ ልጆች ገና አምስት ዓመታቸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ ከፈጠሩት አንዱ ሲሞር ፓፐርት፣ ፕሪቶሪያ የተወለደ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ በኤሊ የተሰየመች ሮቦት መጣች፤ ወለል ላይ እየሄደች በብዕር መስመር ትስላለች። የእኛ ንብ የእሷ ዘር ናት።

ሮቦት ከሌለ አንዱን ልጅ ንብ አድርጎ ሌላው ይዘዘው የሚሉ አሉ። ጥሩ ነው፤ እኔም ቤቴ ከልጆቼ ጋር ሞክሬዋለሁ። ግን ልጅ ደግ ነው። ጓደኛው የተሳሳተ ትዕዛዝ ቢሰጠው፣ የፈለገውን ገምቶ ትክክለኛው ቦታ ይሄድለታል። ንቧ አትገምትም። ያሏትን ብቻ ታደርጋለች፤ ስትሳሳት አትስቅም፣ አትቆጣም። የስህተቱን ቦታ የሚፈልገው ልጁ ራሱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለወጣቱ ጥሩ ነው፤ የሰፈሬ ጎረምሶች ሰርተፊኬታቸውን በስልካቸው አሳይተውኛል። ለትንንሾቹ ግን ከዚያ በፊት ወለል ላይ የሚሠራ ነገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው አንድ ነገር ልጠይቅ። እነዚህን መጫወቻዎች እንደ ቁም ሳጥንና ወንበር ቋሚ ዕቃ ብላችሁ አትመዝግቧቸው። እንደ ጠመኔ አላቂ ይሁኑ። ጠመኔ ተሰበረ ተብሎ መምህር ደመወዙ ሲቆረጥ አላየሁም። ለጋሾችም ብትሆኑ አሥር ሮቦት ከምትሰጡ ሰባት ስጡና የቀረውን ለባትሪና ለመለዋወጫ አድርጉት። ትምህርት ቤት ሲዘጋም አንድ ሰው በወር አንዴ ቻርጅ ያድርጋት። ይህ እንኳ ወረቀት አይፈልግም።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ መምህርቷ ንቧን ይዛ መጣች። «ዛሬስ ሰበሯት ጋሼ» አለችኝ፤ ፊቷ ግን እንደ ያኔው አልከፋውም። አንዱ ጎማ አልዞር ብሏል። ፈታሁት። ውስጡ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። ከዘንጉ ላይ ደግሞ ቀይ ክር ተጠምጥሟል።

ከአክብሮት ጋር
ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ከጎንደር አራዳ