እማዬ፣ ወንበሩን አይተሽ አትደንግጪ

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለጥምቀት መምጣቴ ቁርጥ ነው፤ ከፍራንክፈርት ቲኬቴን ገዝቻለሁ።

ቦሌ ላይ ከማልቀስሽ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የምመጣው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ያው የምታውቂው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ሌላ ነገር አልመጣብኝም። ቤት ውስጥ እሄዳለሁ፣ ደረጃም ቀስ ብዬ እወጣለሁ። የማልችለው ረጅም መንገድና ሰልፍ ነው። ስለዚህ አንዴ ተቀምጬ አንዴ ቆሜ ታዪኛለሽ። ጎረቤት ይሄን ሲያይ ወይ «አስመስላ ነው» ይላል፣ ወይ «ጸበሉ ሠራላት»። ሸንኮራ ዮሐንስ እንደምትወስዱኝ አውቃለሁ፤ እሄዳለሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን ከወንበሩ በተነሳሁ ቁጥር እልልታ እንዳይቀልጥ።

ስለ በረራው አታስቢ። እዚህ አውሮፓ በፈረንጆቹ 2006 የወጣ ሕግ አለ፤ ከ48 ሰዓት በፊት ካሳወቅሽ በነጻ ይረዱሻል። በራሴ ወንበር እስከ አውሮፕላኑ በር እሄዳለሁ፣ ከዚያ አጥፈው ይጭኑታል። ትራሱንና የእግር ማሳረፊያውን ግን ነቅዬ ይዤ እገባለሁ። አንዴ ማሳረፊያው ጠፍቶብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም አላምን። እርዳታ የጠየቀ ሰው የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ወጥቶ እኔ ብዘገይ ቀረች ብላችሁ አትሸበሩ።

ከቦሌ በኋላ ያለውን ወንድሜ ደጋግሞ ያንብበው። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ዶልፊን ውስጥ ተጣብቄ አልችልም። ለክብሬ ብላችሁ ላንድክሩዘርም አትከራዩ፤ መወጣጫው ለጉልበቴ ከፍ ይላል። ተራ የቤት መኪና ይበቃል፣ ብቻ ወንበሩ ታጥፎ ከኋላ ይግባ። ብዙ ከተቀመጥኩ እደርቃለሁ፤ ሸኖ ላይ ቆመን ትንሽ ልንቀሳቀስ። ቅቤም እንገዛለን።

በራችን ላይ ሳንቃ ይደገፍ። ደፉ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሳንቃው 1 ሜትር ከ80 ይርዘም፤ ደንቡ ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት ነው። ካጠረ ዳገት ይሆንብኛል። ሽንት ቤት ደግሞ ቁጢጥ ማለት አልችልም። አናጺው መሃሉ የተበሳ ጠንካራ ወንበር ይሥራልኝ፣ ጉድጓዱ ላይ የሚቀመጥ። አትሳቁ፣ ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

ጥምቀት ዕለት ጠዋት አትጠብቁኝ። በዚያ ብርድ ጣቶቼ ይቆለፋሉ፤ ፀሐይ ሲወጣ እደርሳለሁ። ኮብልስቶን ላይ የፊት ጎማዎቹ ድንጋይ መሃል ይሰነቀራሉ። የሚገፋኝ ሰው ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሎ በትልልቆቹ ጎማዎች ይግፋ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አዙሮ፣ እኔን በጀርባ በኩል ያውርደኝ። ሳይጠይቀኝ ግን ማንም አይግፋኝ! ሥላሴ ስንሄድ ወንበሩን ደጅ ትቼ በመቋሚያ እገባለሁ፤ እዚያማ ሁሉም ተደግፎ ነው የሚቆመው። አንኮበርም እሄዳለሁ፤ የምኒልክ ግቢ ኮረብታ ላይ ግን ልጆቹ ይውጡ፣ እኔ ከታች ቡና እጠጣለሁ።

የወንበሬ ወርድ 62 ሴንቲ ሜትር ነው። ወንድሜ የመኝታ ቤቱንና የሽንት ቤቱን በር ለክቶ በቴሌግራም ይላክልኝ። ከጠበበ ሳሎን ውስጥ ከፍ ያለ አልጋ ይዘርጋልኝ፤ ከመሬት ፍራሽ ላይ መነሳት አልችልም።

ልጅሽ