ለናቲ ጥያቄ መልስ፣ ከትሮምሶ፣ ሰሜን ኖርዌይ

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ፀሐይ የሚባል ነገር አይታይም። ቢሆንም ለምጄዋለሁ።

ናቲ ባለፈው በስልክ አፋጦኝ ነበር። «ጋሼ፣ ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ በረዶ ይሆናል ብለው አስተምረውናል። አንተ ደግሞ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የቀዘቀዘ ደመና ውስጥ ውሃ አለ ትላለህ። ማን ነው የዋሸው?» አለኝ። ካርዱ አልቆ ተቋረጠብን እንጂ መልሱ ነበረኝ። እስቲ አንብቢለት።

ማንም አልዋሸም። መምህሩ የሚናገሩት ስለ ብርጭቆ ውሃ ነው። የደመና ጠብታ ግን ከፀጉር ውፍረት ያነሰች፣ ንጹሕ የሆነች ነገር ናት። ውሃ በረዶ እንዲሆን መጀመሪያ አንድ የሚይዘው ነገር፣ አንዲት ብናኝ ይፈልጋል። ያንን ካላገኘ እየቀዘቀዘም ውሃ ሆኖ ይቆያል። ምንም ብናኝ ከሌለ እስከ 38 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይቆያል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ያለማንም እርዳታ በራሱ በረዶ ይሆናል። ብናኝ ካለ ደግሞ እንደ ብናኙ ዓይነት ነው። ተራ የአፈር አቧራ ብዙውን ጊዜ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ15 ዲግሪ ካልወረደ እምብዛም አይሠራም። ቅጠል ላይ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ሁለት ዲግሪ ከዜሮ በታች ላይ ሥራ ይጀምራሉ። ባክቴሪያ አቧራን በለጠ ማለት ነው፣ ይገርማል አይደል?

ዋልታ አካባቢ በክረምታቸው፣ በጨለማው ወራት፣ አፈሩ በበረዶ ተሸፍኗል፣ ባሕሩም እንዲሁ፣ ስለዚህ አየሩ ላይ ብናኝ ጥቂት ነው፤ ደመናው 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሆኖ እንኳ ውሃ ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው። በበጋቸው ነገሩ ይለያል። ስቫልባርድ በምትባለው የሰሜን ደሴት ላይ የበረዶ ግግሩ እየቀለጠ ትቶት የሚሄደው ደቃቅ አፈር ነፋስ ሲያነሣው የደመናን ጠብታ በረዶ በማድረግ በኩል ጎበዝ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከሥራዬ የተነሣ ነው። የአውሮፕላን በረዶ አራጋፊ ነኝ ብዬሽ የለ? ከመኪናው ላይ ባለው ቅርጫት ወጥቼ ክንፉን ግላይኮል በሚባል በሞቀ የበረዶ ማቅለጫ ፈሳሽ አጥባለሁ። መጀመሪያ ብርቱካናማው ያለውን ያራግፋል። ቀጥሎ አረንጓዴው፣ ወፍራሙ፣ አዲስ እንዳይዝ ይከላከላል። በረዶ ሲዘንብ ብዙም አልጨነቅም። የምጠላው ያንን የቀዘቀዘ ካፊያ ነው። አየር ላይ ውሃ ነው፣ ክንፉን በነካበት ቅጽበት ግን ጥርት ያለ በረዶ ይሆናል፣ በዓይን እንኳ ስለማይለይ በእጅ እየዳበስን ነው የምናጣራው።

ሌላም ነገር አለ። ደመና ውስጥ በረዶና ውሃ አንድ ላይ ከሆኑ በረዶው ያሸንፋል። እንፋሎቱ ከጠብታዋ ወጥቶ በረዶው ላይ ይለጠፋል፣ በረዶው ይከብዳል፣ ይወርዳል። በዚህ ስሌት ደመናው በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ግን እዚህ ሰሜን ለቀናት ይቆያል! ምክንያቱም የደመናው አናት ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘው አየር ወደ ታች ሲወርድ ከሥር ያለው ይወጣል፣ ያ ደግሞ አዲስ ጠብታ ይፈጥራል።

እማዬ ይህን ሳትማር ታውቀዋለች። ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያደረ ሌሊት ነው ባቄላውን ውርጭ የሚመታው፤ ደመና ካደረ ግን ሰላም ነው። ዋልታም ያው ነው፣ ውሃ የያዘ ደመና ሙቀቱን ያፍናል። ወደ በረዶ ተለውጦ ሲራገፍ ሰማዩ ይገለጣል፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። አርክቲክ፣ ማለት የሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ስለሞቀ ደመናው ውሃ ይዞ የሚቆይበት ጊዜ ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። በጨለማው ወራት ያ ደመና ሙቀት ያፍናል፣ በበጋቸው ግን የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል። የትኛው እንደሚያይል ባለሙያዎቹ ገና እየተከራከሩ ነው።

እናንተ ጋ ክረምት ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበው በረዶም ጅማሬው እዚያው ላይ፣ ከዜሮ በታች በሆነው የደመናው ክፍል ውስጥ ነው። ናቲ ይህን መምህሩን ይጠይቃቸው። ከፈለገ ቴርሞሜትር እልክለታለሁ፣ ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት እየለካ ደመና ያደረበትንና ያላደረበትን ለይቶ ይጻፍልኝ።

ለበርበሬው የላክሁት ብር ደርሶሽ ከሆነ አሳውቂኝ። ቡናውን ከሚመጣ ሰው ጋር እንጂ በፖስታ እንዳትልኪ።

ወንድምሽ