ለ11ኛ እና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ጽሑፎችን ይመለከታል

ኅዳር 2018 ዓ.ም

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የአንደኛው ሩብ ዓመት የውጤት ካርድ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በክፍል ኃላፊ መምህራን በኩል እንደሚሰጥ እየገለጽኩ፣ ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ጉዳይ እገባለሁ።

ከጥቅምት ወር ወዲህ በርካታ ወላጆች ወደ ቢሮዬ መጥተው፣ ልጃቸው ለውጭ አገር ነጻ ትምህርት ዕድል የሚያቀርበውን የግል ጽሑፍ መምህራኖቻችን እንዲጽፉለት፣ ይህ ካልሆነም በክፍያ ተዘጋጅቶ በመጣው የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ማኅተም እንድናሳርፍ ጠይቀዋል። ሁለቱንም አናደርግም። ይህን በማለታችን «ትምህርት ቤቱ ለልጆቻችን ዕድል አይቆረቆርም» የሚል ቅሬታ ስለተሰማ ምክንያታችንን በጽሑፍ ማስቀመጥ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጭንቀታችሁ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ፣ ወላጅ ሌላ በር ቢያማትር የሚወቅሰው የለም። ሆኖም የበሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁን ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ በተለያዩ አገሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች ኅብረት ሲሆን፣ የሁለት ዓመት የቅድመ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 በዌልስ ሲከፈት፣ በቀዝቃዛው ጦርነት የተከፋፈለው ዓለም ወጣቶች አብረው እየኖሩ እንዲማሩ ታስቦ ነበር። በኤስዋቲኒ የሚገኘው ሌላው የኅብረቱ ትምህርት ቤት ዋተርፎርድ ካምህላባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ በመቃወም፣ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በአንድ ክፍል ለማስተማር ነው። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚመረቁ ተማሪዎች በአጋርነት በተመዘገቡ የአሜሪካ ኮሌጆች ተቀባይነት ሲያገኙ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው የዴቪስ ፕሮግራም እንደ ችግራቸው መጠን ወጪያቸውን ይደግፋል። እንዲህ ያለ ተቋም አመልካቹን ከእሱ ከማይመስሉ ሰዎች ጋር እንዴት እንደኖረ ቢጠይቀው፣ ጥያቄው ለወግ ያህል የቀረበ አይደለም።

«ልጄ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለ ባህል ትውውቅ ምን ሊጽፍ ይችላል?» ትሉ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ወቅት ሲውሉ፣ የዓርብ ከሰዓቱ የእግር ኳስ ውድድር በተማሪዎች መካከል ጭቅጭቅ አስነሥቶ ነበር። ከፊሎቹ የጁምዓ ሶላት ነበረባቸው፤ ከፊሎቹ ከቅዳሴ በፊት እህል አይቀምሱም፤ ሌሎቹ ደግሞ የማይጾሙ ስለነበሩ ሰዓቱ ለምን እንደሚቀየር አልገባቸውም። መምህር ሳይገባበት ተነጋግረው ውድድሩን ወደ ማለዳ አዛወሩት። አንዲት ተማሪያችን ከቅርብ ጓደኛዋ ጋር በዚህ ጉዳይ እንዴት እንደተኳረፈችና እንዴት እንደታረቀች በገዛ ቋንቋዋ ጽፋ ነበር። ጽሑፉ ስሕተት አላጣውም፤ ልጅቷን ግን ያሳያል። ለክፍያ የሚሠራ ሰው ያንን ሰርዞ «ከልጅነቴ ጀምሮ ዓለምን የመለወጥ ሕልም ነበረኝ» በሚል ዓረፍተ ነገር ተካው፤ ቤተሰቧም ገንዘብ ከፈሉበት። ይህን ሳይ እጅግ አዝኛለሁ።

«ሁሉም እያስጻፈ የእኔ ልጅ ብቻ ለምን ይቅር?» የሚል ወላጅም እንደሚኖር አውቃለሁ። መራጮቹ ግን አመልካቹን ፊት ለፊት ያነጋግሩታል፤ ከሌሎች አመልካቾች ጋር ሲወያይም ይመለከቱታል። ያልጻፈውን ጽሑፍ እንዲያብራራ የሚጠየቅ የ16 ዓመት ልጅ ምን ላይ እንደሚወድቅ እባካችሁ አስቡት። የድጋፍ ደብዳቤውም ቢሆን ልጁን ያስተማረው መምህር ስለሚያውቀው ልጅ የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ አንዱ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ በሚቀጥለው ዓመት የሚያመለክቱት ታናናሾቹ ሳይቀሩ በጥርጣሬ ይታያሉ።

«ደላሎቹ ለውጤቱ ዋስትና ሰጥተውናል» ለምትሉም፣ ቦታ ለመሸጥ ሥልጣን ያለው ደላላ የለም። ለምሳሌ የቱርክ መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚሞላ ሲሆን የሚጠየቅበት ክፍያ የለም።

እንግሊዝኛው ደካማ ነው የምትሉትን እቀበላለሁ፤ ስለዚህም የቋንቋ መምህራኖቻችን ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ያለ ክፍያ ረቂቅ ያነባሉ፣ ስሕተት ያመለክታሉ፣ «ይህ ሲሆን አንተ ምን አደረግህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዕሩን ግን ከልጁ እጅ አይወስዱም።

ረቂቁን ይዞ መምጣት ያለበት ተማሪው ራሱ ነው። ማኅተም እንዲደረግባቸው ያስገባችኋቸውን ደብዳቤዎች እስከ ወሩ መጨረሻ ከጸሐፊዋ ቢሮ እንድትወስዱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ርእሰ መምህር