ያብረቀረቀ መስታወት ሁሉ ቅርጹን አልያዘም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቴሌስኮፕ መስታወት ባወጣችሁት ጽሑፍ ሥራው በመወልወል የሚያልቅ ተደርጎ ቀርቧል። ቅርጹ የሚወሰነው ግን በፍተሻ ነው።

150 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1200 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት (ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ) ያለውን መስታወት እንውሰድ። መሐሉ ከጠርዙ የሚጎደጉደው 1.17 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህን በ80 ቁጥር ካርቦራንደም (ጠንካራ የመፍጫ ዱቄት) መፈልፈል፣ ቀጥሎ ይበልጥ በደቀቁት በ120፣ በ220፣ በ320 እያሉ ማድቀቅ ትዕግሥት እንጂ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ዱቄቱ በተለወጠ ቁጥር እጅም ጠረጴዛም በደንብ ካልታጠበ ግን አንዲት የ80 ቅንጣት የቀናት ልፋት ትጭራለች።

ጭንቁ ያለው በቅጥራንና በሴሪየም ኦክሳይድ (ደቃቅ የመወልወያ ዱቄት) ከተወለወለ በኋላ ነው። ሉላዊው (እንደ ኳስ ውስጠኛ ገጽ የጎደጎደው) ገጽ ወደ ፓራቦላ፣ ማለትም የኮከብን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ ወደሚሰበስበው ቅርጽ፣ ሲለወጥ ጠርዙ ላይ ያለው ልዩነት 0.29 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የሚፈቀደው የገጽ ስሕተት ደግሞ ከ70 ናኖሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህን የሚያሳየው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፉኮ በ1858 ያወጣው የቢላ ስለት ፍተሻ ነው፦ መብራትና ስለት ከመስታወቱ የትኩረት ርቀቱን እጥፍ፣ 2400 ሚሊ ሜትር ላይ ይቀመጣሉ። ሉላዊ መስታወት በስለቱ ሲጋረድ ባንድ ጊዜ እኩል ይደበዝዛል። ፓራቦላው ግን ጥላ ይሠራል፤ መብራቱ ሳይነቃነቅ ከመሐል እስከ ጠርዝ ስለቱ 2.3 ሚሊ ሜትር ያህል መሄድ አለበት። ከውልወላ እንደወጣ የሚፈተሽ መስታወት ይዋሻል፤ ሙቀቱ ገጹን ስለሚያዛባ ቀዝቅዞ እስኪረጋ መጠበቅ የግድ ነው። ጣት ለጥቂት ጊዜ ያረፈበት ቦታ እንኳ በስለቱ ሲታይ ጉብታ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ፍተሻ ብቻውን ግን አይታመንም። በ1990 ወደ ጠፈር የተላከው የሀብል ቴሌስኮፕ 2.4 ሜትር መስታወት እጅግ ለስላሳ ነበር፤ በዋናው የመፈተሻ መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ በ1.3 ሚሊ ሜትር ተዛንፎ በመቀመጡ ግን ጠርዙ ወደ 2.2 ማይክሮን ያህል ከሚገባው በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። ሌሎች መሣሪያዎች ስሕተቱን አሳይተው ነበር፤ «ትክክለኛነታቸው ያንሳል» ተብለው ተናቁ። ማረሚያው የተገጠመው በ1993 ነው።

የሮንኪ መስመሮች (በስለቱ ፋንታ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ወንፊት የሚቀመጥበት ፍተሻ) የታጠፈ ጠርዝን በፍጥነት ያሳያሉ፤ ሆኖም ከስለቱ ጋር አንድ ቦታ ላይ ስለሚሠሩ ሁለቱም ባንድ ምክንያት ሊሳሳቱ ይችላሉ። የተሻለው ምስክር ኮከብ ነው፦ የማያ ሌንሱ ከትኩረቱ እኩል ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲሄድ የብርሃኑ ክብ አንድ ዓይነት መምሰል አለበት። ይህ ደግሞ አሉሚኒየም ከመቀባቱ በፊት ይሁን፤ ያልተቀባ መስታወት 4 በመቶ ያህል ብርሃን ስለሚመልስ ደማቅ ኮከብ ይበቃዋል።