ሲንጋፑራ ድመት ላላችሁና ለመውሰድ ለምታስቡ ደንበኞቻችን፦ ስለ ድመት ኢንሹራንስ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሐምሌ ሁለት ኪሎ ተኩል የማትሞላ አንዲት ሲንጋፑራ በድመት ማቆያችን ቆይታ ነበር። ባለቤቷ ለክረምት ጎንደር ቤተሰብ ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ድመቷ ጠረኗን እያሸተተች እንድትጽናና ብላ የለበሰችውን ነጠላ ቅርጫቷ ውስጥ አንጥፋላት ነበር። እኛም ደግ አሳብ ነው ብለን ተውነው። በአራተኛው ቀን ድመቷ ምግብ ተወች፤ መደርደሪያ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ማታውኑ ድንገተኛ ሕክምና ወደሚሰጥ የእንስሳት ሆስፒታል ይዘናት ሄድን። ሐኪሟ አፏን ከፍታ ምላሷን ቀና ስታደርገው ከነጠላው ዘርፍ የተመዘዘ አንድ ነጭ ክር ሥሩ ላይ ተጠምጥሞ ታየ። ሌላኛው ጫፉ አንጀቷ ውስጥ ገብቷል።

እኛ ባለንበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን ጎንደር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ደወልን። የቀዶ ሕክምናው ግምት 3,900 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ሥራው ሳይጀመር የሚከፈል ነው። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ «ኢንሹራንስ አላት?» ብላ ስትጠይቀን ዝም አልን። መልሱ ጠፍቶን አልነበረም። ባለቤቷ «ኢንሹራንስ ልግባላት ወይ?» ብላ በሚያዝያ ጠይቃን፣ «ገና አንድ ዓመቷ ነው፤ ከቤት አትወጣ፤ ምን ያስቸኩላል?» ብለን የመለስንላት እኛው ነበርን።

ድመቷ ድናለች። ወጪውን እንዴት እንደተካፈልነው በእኛና በደንበኛችን መካከል ይቆይ። ያ ምክራችን ግን ስህተት ስለነበረና ለሌሎቻችሁም ስለሰጠነው በጽሑፍ ልናርመው ወደድን። ኢንሹራንስ አንሸጥም፤ ከማንም ኩባንያ ኮሚሽን አንቀበልም። ሥራችን ድመት ማቆየትና ጥፍር መቁረጥ ነው።

ሲንጋፑራን ለይተን ያነሳነው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው መጠኗ ነው። በዘር ከተመዘገቡ ድመቶች ሁሉ ትንሿ ናት ይባላል፤ አድጋ የጨረሰች ሴት ሲንጋፑራ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል አካባቢ ትመዝናለች። ድመት በአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይኖራታል። እንግዲህ አስቡት፤ የሁለት ኪሎዋ ድመት ሙሉ ደም ሁለት ሲኒ ቡና ቢሞላ ነው። ለሌላ ድመት ኢምንት የሆነ ደም መፍሰስ ለእሷ ብዙ ነው። የማደንዘዣው ልክ፣ የሰውነቷ ሙቀት፣ የፈሳሹ መጠን ሁሉ በጥንቃቄ ይለካል። በዚያ ሌሊት አንዲት ነርስ ሥራዋ እሷን በሙቅ ጨርቅ ጠቅልሎ መጠበቅ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ዘሯ ነው፤ ታሪኩም ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ሦስት ቡናማ ድመቶች ይዘው ከሲንጋፖር ተመለሱና የሲንጋፖር የጎዳና ድመቶች ናቸው ብለው አስተዋወቋቸው። ዘሩም ከእነዚህ ተነሥቶ በአሜሪካ መዝገብ ገባ። በ1987 ሌላ አርቢ ድመት ፍለጋ ሲንጋፖር ሄዶ ወረቀት ሲያገላብጥ፣ ሦስቱ ድመቶች በ1974 ከአሜሪካ ወደ ሲንጋፖር የገቡ ሆነው አገኛቸው። ክርክር ተነሣ፤ የድመት አርቢዎቹ ማኅበር ግን ምዝገባውን አልሰረዘም። የሲንጋፖር የቱሪዝም መሥሪያ ቤትም ቢሆን በ1991 የአገሩ መለያ አድርጎ ተቀበላት። ከዚያ በኋላ የተሠራ የዘረመል ጥናት ሲንጋፑራ ከበርሚዝ ድመት ጋር በጣም የምትቀራረብ መሆኗንና ሁለቱም በዘር ስብጥር እጅግ ድሃ ከሆኑት ውስጥ መሆናቸውን አሳይቷል። የማን አገር ልጅ ናት የሚለውን ክርክር ለአርቢዎቹ እንተወው። ለእኛ ቁም ነገሩ ጥቂት ወላጆች የነበሩት ዘር የተደበቀ ሕመም የሚገናኝበት ዕድል ሰፊ መሆኑ ነው።

በሲንጋፑራ ላይ ስሙ ከሚነሳው ሕመም አንዱ የፒሩቬት ካይኔዝ እጥረት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ጉልበት የሚያገኝበት ኢንዛይም ይጎድላል፤ ሕዋሱም ዕድሜውን ሳይጨርስ ይፈርሳል፤ ድመቷ ደም ያንሳታል። ድዷ ይነጣል፣ ትደክማለች፣ አንዳንዴ ዓይኗ ብጫ ይሆናል። በልጅነቷ ሊታይ ይችላል፤ አርጅታም ሊታይ ይችላል። የምትታመመው ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም ከወረሰች ብቻ ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰች ተሸካሚ ትባላለች፤ ጤነኛ ናት፤ ለልጆቿ ግን ልታስተላልፍ ትችላለች። ጉንጯ ውስጥ ጥጥ ተሽቶ የሚላክ ቀላል ምርመራ አለ፤ ዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ዘረመል ላቦራቶሪ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ስለዚህ ገና ያልገዛችሁ ሰዎች አርቢውን የሁለቱንም ወላጆች የምርመራ ወረቀት ጠይቁት። «የእኔ ድመቶች ታመው አያውቁም» መልስ አይደለም፤ ተሸካሚ ድመት አትታመምምና።

በነገራችን ላይ ይህ ሕመም አቢሲኒያን በተባለው ዘርም አለ። ብዙዎቻችሁ በስሟ ተስባችሁ አቢሲኒያን መውሰዳችሁን እናውቃለን፤ አንወቅሳችሁም። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደች በተባለች ድመት የተሰየመ ዘር ነው፤ የዘረመል ጥናት ግን መነሻዋን ወደ እስያ ዳርቻ ይወስደዋል። የእሷንም ወላጆች ወረቀት ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችንም ቤት፦ ወጥ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ የበሰለውም እንዲሁ። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ደሟ ሁለት ሲኒ ለሆነ ድመት ከድስቱ አፍ የተላሰ ቁሌት ቀልድ አይደለም። የዶሮውን ሥጋ ማቅመስ ከፈለጋችሁ መረቅ ሳይነካው ለብቻው ቀቅላችሁ ስጧት።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ። አሠራሩን ስታስቡ እድርን አስቡ፤ ግን እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ። አዲስ አባል ዛሬ ተመዝግቦ ነገ የእድሩን ገንዘብ እንደማያገኝ ሁሉ፣ የድመት ኢንሹራንስም የመጠበቂያ ጊዜ አለው፤ ለበሽታ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ወይም አንድ ወር። በዚያ ጊዜ የታየ ሕመም አይከፈልበትም። ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። እድር ሰው ሆኖ ቤታችሁ ይመጣል፤ ኢንሹራንሱ እናንተ ከከፈላችሁ በኋላ ደረሰኝ አይቶ ተመላሽ ያደርጋል። ሐኪሙን በቀጥታ የሚከፍሉ ጥቂቶች ቢኖሩም ዋናው አሠራር ይህ ነው። ስለዚህ ኢንሹራንስ ያለውም ሰው እኩለ ሌሊት ላይ የሚመዘዝ ካርድ ያስፈልገዋል። የእድር መዋጮም ስላረጃችሁ አይጨምርም፤ ለድመቷ ኢንሹራንስ የምትከፍሉት አረቦን ግን ከዕድሜዋ ጋር ይጨምራል።

በሐምሌው ሒሳብ እናሳያችሁ። ለምሳሌ ውሉ በዓመት 500 ዶላር ከራሳችሁ እንድትከፍሉ፣ ከቀሪው 80 በመቶውን ኩባንያው እንዲመልስ የሚል ነው እንበል። ከ3,900 ላይ 500 ሲነሳ 3,400 ይቀራል፤ 80 በመቶው 2,720 ዶላር ነው። ባለቤቷ ከኪሷ የምትከፍለው 1,180 ይሆን ነበር። አንዳንድ ውል ግን መጀመሪያ በመቶኛው ያሰላና ከዚያ 500ውን ይቀንሳል፤ ያኔ የሚመለሰው 2,620 ነው። በአንዲት ሐረግ 100 ዶላር ሄደ ማለት ነው። የራሳችሁ ድርሻ በዓመት አንዴ ነው ወይስ በእያንዳንዱ ሕመም? ይህን ሳታውቁ አትፈርሙ። ኩባንያው በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ የሐኪሙ የምርመራ ክፍያ ተካትቶ እንደሆነ፣ የጥርስ ሕመም ይሸፈን እንደሆነም ጠይቁ። ጥርስ ላይ ብዙ ውሎች ስስታም ናቸው።

ለሲንጋፑራ ባለቤት ግን ከሁሉ የምትበልጠው መስመር «በዘር የሚወረስና ሲወለድ ያለ ሕመም» የምትለዋ ናት። ይሸፍናል ወይ? በመሠረታዊው ዋጋ ውስጥ ነው ወይስ ተጨማሪ ክፍያ አለው? እሷን ያላካተተ ርካሽ ውል ለሌላ ድመት ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህች ግን በተለይ የምትሠጉበትን ነገር ትቶ ሌላውን መሸፈን ነው።

«ምን ያስቸኩላል» ያልነው ለምን ስህተት እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል። ኩባንያዎች ውሉ ከመጀመሩ በፊት የታየን ሕመም ቀድሞ የነበረ ብለው ያስቀሩታል። ታየ የሚባለው ደግሞ በሐኪም ስም ሲሰጠው ብቻ አይደለም፤ ምልክቱ በመዝገቡ ላይ ከሰፈረ ይበቃል። አንድ ደንበኛችን የሦስት ወር ግልገሉን ለክትባት ሲወስድ ሐኪሙ «በልብ ምቷ ላይ ቀላል ድምፅ አለ» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ድምፅ በግልገል ላይ ታይቶ ሲያድጉ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የእሱዋም ጠፋ። ከስድስት ወር በኋላ ኢንሹራንስ ሲገባ ግን ኩባንያው መዝገቡን አይቶ ልብን የሚመለከት ነገር ሁሉ አልከፍልም አለ። አንዲት መስመር ናት።

ስለዚህ ኢንሹራንስ የምትገቡ ከሆነ ግልገሏ ቤት በገባችበት ሳምንት ግቡ። አሜሪካ ላላችሁ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በሕግ ዓይን ድመታችሁ ንብረት ናት፤ ኢንሹራንሷም ከንብረት መድን ይመደባል። ብሔራዊው የኢንሹራንስ ኮሚሽነሮች ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ለቤት እንስሳት መድን ለብቻው አርአያ ሕግ አውጥቷል። በእሱ መሠረት ለአደጋ የመጠበቂያ ጊዜ የለም፤ ለበሽታ ከ30 ቀን አይበልጥም፤ ሕመሙ ቀድሞ የነበረ ነው የሚል ኩባንያ የማስረዳት ግዴታው የራሱ ነው፤ የካሳ ጥያቄ ያላቀረበ ሰውም ውሉን በተቀበለ በ15 ቀን ውስጥ መመለስ ይችላል። አርአያ ሕግ በየግዛቱ ካልጸደቀ ሕግ አይሆንም፤ ስለዚህ የግዛታችሁን የኢንሹራንስ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ።

ቅጹ ላይ ዘር ሲጠየቅ እውነቱን ጻፉ። «ተራ አጭር ጠጉር ድመት» ተብሎ ቢሞላ አረቦኑ እንደሚቀንስ ሰዎች ይነግሯችኋል፤ ልክ ናቸው። የመዝገብ ወረቀቷ ግን ሐኪሙ ፋይል ውስጥ አለ፤ ትልቁ ሒሳብ ሲመጣ የሚነበበውም ያ ፋይል ነው።

ሁሉም ሰው ይግባ አንልም። በቁጠባ ሒሳቡ ውስጥ ለድመቷ ብቻ አራት አምስት ሺህ ዶላር አስቀምጦ የማይነካው ሰው ኢንሹራንሱ ባይኖረውም ይችላል። በወር 30 ዶላር በአሥር ዓመት 3,600 ነው፤ ጭማሪውን ሳንቆጥር። ድመቷ ካልታመመች ያ ገንዘብ አይመለስም። ግን ከራሳችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ «አጠራቅማለሁ» ብሎ ለእህቱ የአውሮፕላን ትኬት የላከውን ሰው እናውቀዋለን፤ አንወቅሰውም። ድመቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷትና ኩላሊቷ ታሞ ከሆነ ደግሞ ለኩላሊቷ የሚከፍል ስለማታገኙ ገንዘቡን ለሕክምናዋ ያዙት።

ከመስከረም ጀምሮ በመቀበያ ቅጻችን ላይ ሦስት ጥያቄዎች ጨምረናል፦ የኢንሹራንስ ውል ቁጥር ካለ፤ ልናገኛችሁ ካልቻልን ሳንጠይቃችሁ እስከ ስንት ዶላር ወጪ እንድናደርግ እንደምትፈቅዱ፤ እናንተን ተክቶ የሚወስን እዚህ አገር ያለ አንድ ሰው። ሁለተኛውን ባዶ የተወ ደንበኛ ድመቱን አንቀበልለትም። ጨካኝነት እንዳይመስልባችሁ፤ በዚያ ሌሊት ስልኩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦብን ነበር።

ቤታችሁም ሆናችሁ፣ ክር ከድመት አፍ ወይም ከኋላዋ ወጥቶ ብታዩ አትሳቡት፤ አንጀቷን ሊቆርጠው ይችላል፤ እንዳለ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ከእንግዲህ ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ዘርፍ ያለው ማንኛውም ልብስ ከድመት ጋር አንረከብም። ጠረናችሁን ልትተዉላት ከፈለጋችሁ አንድ ቀን ለብሳችሁት ያልታጠበ ካናቴራ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድመት ማቆያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ