ብሮክንን በቁመቱ አትናቀው

ወንድምዓለም፣

ጠፋሁ፤ አውቃለሁ። ወቀሳውን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ አሁን ይቅር በለኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። በኅዳር ልጆቹን ይዘህ ጀርመን አገር ሃርዝ ተራሮች ላይ፣ ብሮክን የሚባለው ተራራ ጫፍ ልትወጣ ነው አሉኝ። «ድሬዳዋን እንኳ የማያህል ጉብታ» ብለህ አሹፈሃልም አሉ። አልተለወጥክም!

ቁጥሩስ እውነት ነው፤ ጫፉ 1,141 ሜትር ነው። ክፋቱ አቀማመጡ ላይ ነው። ከሰሜን ባሕር የሚነሳው ንፋስ የሰሜን ጀርመንን ሜዳ ያለ ከልካይ አቋርጦ መጥቶ የሚጋጨው ከእሱ ጋር ነው። እርጥቡ አየር ሽቅብ ሲገፋ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ጫፉን በዓመት ከ300 ቀን በላይ ጉም ይጎበኘዋል። በኖቬምበር 1984 እዚያ የተለካው ንፋስ በሰዓት 263 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛፍ እኛ ጋ ከ3,000 ሜትር በላይም ይበቅላል፤ እዚያ 1,100 ገደማ ላይ በቃኝ ይላል። ቬርኒገሮደ ከተማ ፀሐይ ወጣች ብለህ እንዳትታለል፤ ከተማዋ ያለችው ዝናቡ ተራራው ላይ ከተራገፈ በኋላ፣ ከጀርባው ሥር ነው።

መንገድ ስትመርጥ ካርታ ላይ አጭሩን አትይ። ከሺርከ መንደር ኤከርሎኽ በሚባለው ቦታ በኩል የሚወጣው አጭር ነው፤ ግን ቋጥኝ በቋጥኝ ነው፣ ግራናይቱም ሲረጥብ ያንሸራትታል። ከቶርፍሃውስ መንደር ተነሱ። መነሻው 800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሽቅቡ 340 ሜትር ቢሆን ነው፤ ርቀቱ መሄጃው ብቻ 8 ኪሎ ሜትር። ከልጅ ጋር ለመውጣት ሦስት ሰዓት ያዝለት። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መንገድ ጀምሩ። ረግረጉ ላይ ከተዘረጋው ሳንቃ ልጆቹ እንዳይወርዱ።

«ሲደክመን በባቡር እንወርዳለን» ደግሞ እንዳትል፤ አውቅሃለሁ። ንፋስ ሲበረታ ጫፉ ድረስ የሚወጣው ባቡር ሺርከ ላይ ይቀራል። ቢሠራም የሚያወርዳችሁ መኪናህን ካቆምክበት በተቃራኒው ወገን ነው።

የደረቁት ዛፎች ሥር ምሳ አትብሉ። ድሮ ለማዕድን ጉድጓዶቹ እንጨት ሲባል ስፕሩስ የሚባል ጥድ መሰል ዛፍ ብቻ በገፍ ተተከለ፤ ከ2018 ወዲህ ድርቅ ሲያዳክመው ቅርፊት በል ጥንዚዛ ፈጀው። ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ግንዱን እንደቆመ ትተውታል፤ ንፋስ ሲመጣ ይወድቃል።

እና... እንዴት እንደምልህ እንጃ። ንፋስ የማያስገባው ሰማያዊ ጃኬትህ እስካሁን እኔ ጋ ነው። በፖስታ ልላከው፤ አድራሻህ ያው የድሮው ነው?